«ማከማቸት» ወይስ «ማቆየት»? የሁምቦ ደንና የድንጋይ ከሰል ጭስ በአንድ ስያሜ

የሙያ ቃላትን ወደ አማርኛ በመመለስ ሥራ የተሰማራ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ቃል ቶሎ ሲያገኝ ነው። የባዕዱ ጽንሰ ሐሳብ ተመርምሮ ሳያበቃ ከአማርኛው ግሦች አንዱ ይቀድምና ወረቀት ላይ ይሰፍራል፤ አንባቢውም ግሡን ስለሚያውቀው ነገሩን ያወቀ ይመስለዋል። በዚህ ጽሑፍ ልንተቸው የተነሣነው «ካርቦን መያዝና ማከማቸት» የተባለው ስያሜ እንዲህ ካሉት አንዱ ነው። በእንግሊዝኛ «ካርቦን ካፕቸር ኤንድ ስቶሬጅ» ለሚባለው አቻ ሆኖ በዜና፣ በሪፖርትና በሥልጠና ጽሑፍ ሲሠራበት እናያለን። ሦስቱም ቃላት ለጆሮ የተለመዱ ናቸው፤ ሦስቱም ግን፣ እንደ እኛ አስተያየት፣ ወደ ነገሩ አያደርሱም። በተለይም «ማከማቸት» የተባለው በወላይታ ምድር በሚገኝ አንድ ደን ላይ ሲውል ጉዳቱ ከቋንቋ አልፎ የሰው ጥቅም ይነካል።

በቅድሚያ ስያሜው ከየት እንደ ተነሣ ማስታወስ ይገባል። የተነሣው በድንጋይ ከሰል ከሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነው። ከሰሉ ሲነድ ከሚወጣው ጭስ አብዛኛው ናይትሮጅን ሲሆን ከመቶ ከ12 እስከ 15 እጅ ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ጭሱ አሚን የተባለ ኬሚካል በሟሟበት ውሃ ውስጥ እንዲያልፍ ሲደረግ አሚኑ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይዞ ያስቀራል፤ የተረፈው ጭስ ወደ ሰማይ ይወጣል። ያ ፈሳሽ ወደ ሌላ ዕቃ ተዛውሮ ሲሞቅ የያዘውን ጋዝ መልሶ ይተፋል። የተተፋው ጋዝ ከባሕር ወለል የአየር ግፊት 70 እጥፍ በሚበልጥ ኀይል ሲታመቅ እንደ ፈሳሽ ይከብዳል፣ እንደ ጋዝም በቀላሉ ይሰርጋል። ከዚያ በኋላ በቧንቧ ተወስዶ፣ ብዙውን ጊዜ ከ800 ሜትር በታች በሆነ ጥልቀት፣ ቀዳዳ ወዳለው የአሸዋ ድንጋይ ይገባል፤ በላዩም ምንም የማያሳልፍ ጥብቅ ዐለት ተጋድሞ ይገድበዋል። ለማሞቁም ለማመቁም የሚያስፈልገው ኀይል ከዚያው ማመንጫ ይቀነሳል።

እንግዲህ ሥራው አንድ ድርጊት አይደለም፤ መለየት፣ ማመቅ፣ ማጓጓዝና በዐለት ሥር ዘግቶ መተው ነው። በካናዳ፣ በሳስካችዋን ክፍለ ሀገር የሚገኘው የባውንደሪ ዳም ማመንጫ በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ይህን ሥራ በትልቅ ደረጃ በድንጋይ ከሰል ላይ ጀመረ። በአሜሪካን አገር በቴክሳስ ያለው ፔትራ ኖቫ ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ተከተለ፤ በ2012 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ ቆመ፣ ኋላም እንደገና ሥራ ጀመረ። የነዳጅ ዋጋ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ቢኖር ጥያቄው የተገባ ነው። ከሁለቱም ማመንጫዎች የተለየው ጋዝ በአብዛኛው የሄደው ወደ አሮጌ የነዳጅ ጉድጓዶች ነው፤ በዚያም በከርሠ ምድር የቀረውን ዘይት ገፍቶ ለማውጣት ይውላል። ከጋዙ ብዙው እዚያው ከመሬት በታች እንደሚቀር አንክድም። ነገር ግን የተሸጠና ሥራ የተሠራበት ዕቃ «ተከማቸ» ሲባል አማርኛው የሚያሳየው ሥዕል ምንድን ነው? ስያሜውን የፈጠሩት ወገኖች በራሳቸው ቋንቋም ቢሆን ሁሉን አልተናገሩም፤ እኛ ደግሞ የእነሱን ዝምታ ሳይቀር ተርጉመን ወስደናል።

ወደ አገራችን ስንመለስ የድንጋይ ከሰል በደልቢና ሞዬ፣ በያዩም መኖሩ የታወቀ ነው፤ የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችንም ከሰል ያነድዳሉ። የኤሌክትሪክ ኀይላችን ግን ከሞላ ጎደል ከውሃ የሚገኝ ነው። በወላይታና በዳውሮ መካከል የኦሞን ወንዝ የገደበውና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሦስት ብቻውን 1870 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። ስለዚህ የወላይታ ሰው ጭስ ተለይቶ በዐለት ሥር ሲዘጋ የሚያይበት አጋጣሚ የለውም። ስያሜው ግን ነገሩን ቀድሞ መጥቷል፤ መጥቶም ሥራ አልፈታም፤ ሌላ ነገር አግኝቶ በእሱ ላይ ተለጥፏል። ያ ሌላ ነገር የሁምቦ ደን ነው።

ሁምቦ ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ወረዳ ሲሆን ከተማው ጠበላ ይባላል። ተራራማው መሬት ለብዙ ዓመታት ለማገዶና ለከሰል ሲመነጠር፣ ከብትም ሲሰማራበት ኖሮ ተራቁቶ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ገደማ በወርልድ ቪዥን አጋዥነት፣ የአካባቢው ገበሬዎች በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው 2728 ሄክታር መሬት ከልለው ማዳን ጀመሩ። ዘዴው እምብዛም ተክል አልጠየቀም። ዛፉ ቢቆረጥም ሥሩ አልሞተም ነበርና፣ ጉቶው ሲያቆጠቁጥ ከቀንበጦቹ ጠንካራውን መርጦ ሌላውን መግረዝ፣ ከብትንም ማራቅ በቂ ሆነ። ሥራው በ2002 ዓ.ም. በኪዮቶ ስምምነት «የንጹህ ልማት ዘዴ» ተብሎ በሚታወቀው ሥርዐት ተመዘገበ፤ በአፍሪካ በዚህ ሥርዐት ከተመዘገቡት ሰፋፊ የደን ሥራዎችም የመጀመሪያው ተባለ። በ30 ዓመት ውስጥ 880,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር እንደሚስብ ተገመተ፤ ከዚህም 165,000 ቶኑን የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድ ሊገዛ ተዋዋለ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ማቆጥቆጥ፣ ጉቶ፣ ቀንበጥ፣ መግረዝ፣ መከለል፣ እነዚህ ሁሉ አማርኛ ማንንም ሳይለምን ያወጣቸው ቃላት ናቸው። የገበሬው እጅ የሚያውቀውን ሥራ ቋንቋው ያውቀዋል፤ ለዚህ ክፍል የስያሜ ኮሚቴ አላስፈለገም። ችግሩ የሚጀምረው ደኑ ከበቀለ በኋላ፣ «ምን ተሸጠ?» የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ነው።

በጽሑፎቻችን የሚሰጠው መልስ «በደኑ የተከማቸው ካርቦን ተሸጠ» የሚል ነው። አሁን «ማከማቸት» የሚለውን ግሥ እንመርምር። በአማርኛ የሚከማች ነገር እህል ነው፣ ገንዘብ ነው፣ ዕቃ ነው። አከማቺው ባለቤቱ ነው፤ የሚያከማቸውም ኋላ ሊያወጣው ነው። እህል በጎተራ ወይም በጉድጓድ የሚገባው በክረምት ሊወጣ ነው። በወላይታ ቤት እንሰት ተፍቆ በቅጠል ተሸፍኖ ጉድጓድ ሲገባ ቆጮ ሆኖ ሊበላ ነው እንጂ ሊቀር አይደለም። እንግዲህ ለሁምቦ ገበሬ «ካርቦን አከማችተሃል» ብንለው፣ ቋንቋውን በትክክል የሚያውቅ ሰው ከሆነ፣ ተከትሎ ሊመጣ የሚገባው ጥያቄ «መቼ አወጣዋለሁ?» የሚል ነው። ይህን ብሎ ቢጠይቅ የተሳሳተው እሱ አይደለም። ግሡ የሚለውን ነው የጠየቀው።

በዐለት ሥር ስለሚገባው ጋዝም ቢሆን ግሡ አይስማማም፤ ያ ጋዝ እንዳይወጣ ነው የሚገባው። በደኑ ላይ ግን አለመስማማቱ የባሰ ነው፤ ምክንያቱን ለማየት ወደ ሕጉ ጥቂት መግባት ያስፈልጋል። የኪዮቶን ሥርዐት የነደፉት ሰዎች ደን ሊቃጠል፣ ሊቆረጥ፣ ተባይ ሊበላው እንደሚችል ስላሰቡ፣ ለደን ሥራ የሚሰጠውን የምስክር ወረቀት እንደ ሌላው የጸና አላደረጉትም። «ጊዜያዊ» አሉት። ሁምቦ በ2005 ዓ.ም. የመጀመሪያውን፣ ከ73,000 ቶን በላይ የሆነ የምስክር ወረቀት ሲያገኝ ያገኘው ይህን ጊዜያዊውን ነው። የዚህ ዐይነቱ ወረቀት ከተሰጠበት ቀጥሎ ያለው የስምምነት ዘመን ሲያልቅ ዋጋው ያበቃል፤ የገዛው ወገንም በሌላ መተካት አለበት። የተሸጠው እንግዲህ ዛፉ አይደለም፤ ሣሩም፣ ከግርዛት የሚገኘው ማገዶም አይደለም፤ እነዚህን ገበሬው ሲጠቀምባቸው ኖሯል። የተሸጠው ዛፉ ካርቦኑን በውስጡ ለዚያ ዘመን ያቆየ መሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት ነው።

ይህ ሁሉ ትርጉም «ማከማቸት» በሚለው ግሥ ውስጥ የለም። «ጊዜያዊ» የሚለው ቅጽል ደግሞ በአማርኛ ጽሑፎች ሲወድቅ ደጋግመን አይተናል፤ ምናልባት ጸሐፊዎቹ ዜናውን የሚያሳንስ መስሏቸው ይሆናል። ውጤቱ ሁለት ዐይነት ነው። «ተሸጠ» የሚለውን የሰማ ሰው ደኑን ያጣ ይመስለዋል፤ «ተከማቸ» የሚለውን የሰማ ሰው ደግሞ በስሙ የተቀመጠ፣ ሲሻ የሚወጣ ሀብት ያለው ይመስለዋል። ሁለቱም አሳብ በውል ፊት ሰውን ይጎዳል። ማኅበራቱ ካገኙት ገቢ ለወፍጮና ለእህል መጋዘን ማዋላቸው ተነግሯል፤ ማከማቸት የሚለው ግሥ በሁምቦ እውነተኛ ቤቱን ያገኘው በዚያ መጋዘን ነው።

ከግሡ አልፈን ወደ ስሙ ስንሄድ ሌላ ስሕተት እናገኛለን። «ካርቦን» በእንግሊዝኛ የገበያ ቋንቋ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማሳጠሪያ ሆኖ ይነገራል፤ ባለሙያዎቹ መካከል ስለሚታወቅ እምብዛም አያደናግርም። ወደ አማርኛ ሲገባ ግን ማሳጠሪያው ስም ሆኖ ቀረ። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም፤ የሚዛን ልዩነት ነው። 12 ቶን ካርቦን ከኦክሲጅን ጋር ሲዋሐድ 44 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። የሁምቦው 880,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዛፉ ግንድና ሥር የሚኖረው 240,000 ቶን ካርቦን ሆኖ ነው። አንድ ጸሐፊ «880,000 ቶን ካርቦን» ብሎ ሲጽፍ ደኑን ወደ አራት እጥፍ ያህል አሳደገው ማለት ነው፤ ዋጋ በቶን በሚነገርበት ውል ውስጥ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ እንደ ቀላል የእጅ ስሕተት ማለፍ አይገባም። ስለዚህ ጋዙ በሚነገርበት ቦታ ሁሉ፣ ቢረዝምም፣ «ካርቦን ዳይኦክሳይድ» ተብሎ እንዲጻፍ እንመክራለን። በነገራችን ላይ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው «ካርቦን» ሲባል አስቀድሞ የሚታየው ደረሰኝ የሚገለበጥበት ሰማያዊ ወረቀት ነው፤ ይህ ትዝታ ከተማሪው ይልቅ በጸሐፊው ዘንድ የቆየ ነው።

«ከሰል» የሚለውም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ «የከሰል ኀይል ማመንጫ» የሚል አጻጻፍ ተለምዷል። በሶዶ ገበያ ከሰል ማለት ከእንጨት የሚከስለው፣ በማዳበሪያ ከረጢት የሚሸጠው ነው፤ ሁምቦን ያራቆተውም እሱ ነው። «ድንጋይ» የሚለው ቃል ሲወድቅ ሩቅ አገር ያለው ፋብሪካና ጎረቤት ያለው ከሰል አክሳይ በአንድ ስም ይጠራሉ። «ድንጋይ ከሰል» የተባለው የቆየ ጥምረት ግሩም ስያሜ ነውና አይቆረጥ። አንዳንድ ሊቃውንት ደግሞ ከግእዝ «ፍሕም» የሚለውን አንሥተው ለካርቦን ሊያውሉት ያስባሉ። የላቲኑ የካርቦን ሥርም ከሰል ማለት በመሆኑ አሳቡ ውበት አለው፤ ቢሆንም «ፍም» በአማርኛ ሕያው ሆኖ በምድጃ ላይ እያለ ታላቅ ወንድሙን ለሌላ ሥራ መጥራት ግርታን ይጨምራል።

«ልቀት» ለሚለው ከዚህ የበለጠ እናዝናለን። «የካርቦን ልቀት ቅነሳ» የሚል አርእስት ያነበበ ሰው፣ በዚያው ሳምንት «የልቀት ማዕከል» ስለ ተባለ ተቋም ቢያነብ ምን ይበል? አንደኛው ከ«ለቀቀ»፣ ሁለተኛው ከ«ላቀ» የወጣ ነው። ፊደላችን ጥብቀትንና ላልተትን ስለማይለይ በወረቀት ላይ አንድ ሆነዋል። አንዱን ብልጫ እንቀንሰዋለን ስንል ሌላው ብክለትን ማእከል ያቋቋመ ይመስላል። ለጋዙ «የሚለቀቅ» ወይም «አለቃቀቅ» ማለት ይቻላል፤ ለብልጫው «ብልጫ» ራሱ ምን ጎደለው? «ጋዝ» በገጠር ቤት ለኩራዝ የሚሆነው ነጭ ጋዝ መሆኑንም ሳንጠቅስ አናልፍም።

ወደ «መያዝ» እንመለስ። ይህ ግሥ ሌባም በሽታም ሥልጣንም ይይዛል፤ ዕቃም ውሃ ይይዛል። ስለዚህ «ካርቦን የያዘ» ሲባል በውስጡ አለው ማለት ይሁን፣ አድኖ ወሰደው ማለት ይሁን አይለይም። አንዳንዶች «ማጥመድ» ይላሉ፤ ጭስ ግን ወጥመድ ውስጥ የሚገባው በገዛ እግሩ አይደለም። ከአየር ላይ የተወረወረውን ነገር በእጅ መቀበል የሆነው «መቅለብ» ለጊዜው አስደስቶን ነበር፤ ነገር ግን ቀለብ መስጠትም እሱው ስለሆነ፣ ማመንጫው ጋዙን የሚመግብ እንዳይመስል ተውነው። «ማስቀረት» የሚሉም አሉ፤ እሱ ደግሞ ጋዙ ከመጀመሪያው እንዳይፈጠር ማድረግን ስለሚናገር ፈጽሞ የተለየ ጽንሰ ሐሳብ ነው። በጭስ ማውጫው ሥር የሚደረገው ነገር መለየት ነውና «ከጭስ መለየት» ይበቃል። ለሁለተኛው ደረጃ «ማመቅ» የሚለው አስቀድሞ በቴክኒክ ትምህርት የገባ ስለሆነ ሌላ አያስፈልገውም።

በዐለት ሥር ለሚሆነው «ማሸግ» የሚለውን እንመርጣለን። የታሸገ ነገር እንዲወጣ ሳይሆን እንዳይወጣ የተደረገ ነው፤ ከላይ የሚገድበውን ዐለት ሥራም ያሳያል። ግብር ያልከፈለ ነጋዴ ሱቁ ሲታሸግ ያየ የሶዶ ነዋሪ ፈገግ ሊል ይችላል፤ እሽጉ ሊፈታ የሚችል መሆኑም ከነገሩ እውነት የራቀ አይደለም። «መቅበር» የሚለውን የሚደግፉ ወዳጆች አሉን። ቃሉ ጠንካራ ነው፤ ግን የተቀበረ ነገር ከእንግዲህ ጠባቂ የማያስፈልገው ያስመስላል፤ በዐለት ሥር የገባው ጋዝ ግን እንዳያመልጥ ለረጅም ዓመታት ይለካል፣ ይጠበቃል።

ለደኑ ግን ከዚህ የተለየ ግሥ ያስፈልጋል፤ ጽሑፋችን የተነሣበትም ዋና አሳብ ይህ ነው። ዛፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይመጥጣል፤ ካርቦኑን በአካሉ ያቆያል። «ማቆየት» ከአማርኛ ግሦች ውስጥ ጊዜን በሆዱ የያዘ ነው፤ የቆየ ነገር የዘለዓለም አይደለም፣ የሚያቆየውም ሰው እስከ ተጠነቀቀለት ድረስ ይቆያል። «ካርቦን ማቆየት» ሲባል የሁምቦ ገበሬ ሊጠይቅ የሚችለው «እስከ መቼ?» ብሎ ነው፤ ውሉም የሚመልሰው ይህንኑ ጥያቄ ነው። «ጊዜያዊ» የሚለው ቅጽል በጸሐፊ ቸልታ ቢወድቅ እንኳ ግሡ ያስታውሰዋል። የደን ካርቦንና የማመንጫ ጭስ በአንድ «ክምችት» ከሚጠሩ፣ አንዱ «የሚቆይ» ሌላው «የሚታሸግ» ቢባል፣ ደን ተክሎ ጭስ ማካካስ እንደሚቻል የሚነገረውንም ነገር አንባቢ በራሱ መመዘን ይችላል።

የአማርኛው ጉዳይ በዚህ ቢቃናም ሥራው ግማሽ ነው። የሁምቦ ማኅበርተኛ በቤቱ የሚናገረው ወላይትኛ ነው፤ አንድ ስያሜ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ወላይትኛ ሲሻገር የመጀመሪያው ጉድለት በሁለተኛው መሻገሪያ ይሰፋል። ወላይትኛ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከመጀመሪያዎቹ የማስተማሪያ ቋንቋዎች አንዱ ነበር፤ ዛሬም በላቲን ፊደል ይጻፋል፣ ትምህርትም ይሰጥበታል። ስለዚህ ቃል የሚያጣ ቋንቋ አይደለም። ያም ሆኖ በስያሜ ሥራ ስም በዚያ አገር የደረሰውን ማንም የሙያው ሰው ሊረሳ አይገባም። የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች በቢሮ ተቀይጠው «ወጋጎዳ» የሚል ስም የተሰጠው የመማሪያ ቋንቋ በ1992 ዓ.ም. ወደ ትምህርት ቤቶች ሲገባ በሶዶ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ፤ መጻሕፍቱም በኋላ ተነሡ። አራቱ ቋንቋዎች የሚቀራረቡ መሆናቸውን የሥነ ልሳን ሊቃውንት ይስማሙበታል። ተናጋሪው ግን አልተጠየቀም ነበር።

እኛም «ማቆየት» ለሚለው የወላይትኛ አቻ ከዚህ ከወንበራችን ለማውጣት አንሞክርም። በሁምቦ ጉቶ ሲያቆጠቁጥ የተመለከቱ፣ ቀንበጥ መርጠው የገረዙ ሰዎች አሉ፤ ሰባቱ ማኅበራትም ስብሰባቸውን የሚያደርጉት በዚሁ ቋንቋ ነው። የቃል ሰብሳቢው ጥያቄ በእንግሊዝኛው ስያሜ ሊጀምር አይገባውም፤ «ዛፉ ከአየር የወሰደውን በሆዱ ሲያኖር፣ እሳትም መጥረቢያም እስኪደርስበት ድረስ፣ ምን አደረገ ይባላል?» ብሎ ይጠይቅ። የሚሰጡት መልስ ከአንድ በላይ ከሆነ ሁሉም ይመዝገብ፤ ከመልሱ መካከል ከ«ማቆየት» የሚሻል አሳብ ቢገኝም የአማርኛው መዝገብ ተመልሶ ይታረም።